ብዙ የማያለፋ የተክል አኳሪየም፦ አሠራሩና የአልጌ መከላከያው

አኳሪየም ጀምሮ ያልተወ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ታሪኩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ገንዳው ይገዛል፣ ባለቀለም ጠጠርና የፕላስቲክ ዛፍ ይገባበታል፣ መብራቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይበራል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ ለዓሣዎቹ ምግብ ይበተናል። በሁለተኛው ወር መስታወቱ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ሽፋን ይለብሳል። ከዚያ በየሳምንቱ ገንዳ ገልብጦ ማጠብ ይመጣል፣ እሱም ይሰለቻል፣ መጨረሻው በረንዳ ነው።

እውነተኛ ተክል ያለበት ገንዳ በአግባቡ ከተዘጋጀ እንዲህ አያለፋም። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ልፋቱ ያለው መጀመሪያ ላይ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፤ እሱም ቢሆን ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ተክሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብዙ ይሁን፣ መብራቱ ይነስ፣ ዓሣው ጥቂት ይሁን። አልጌ አረም ማለት ነው፤ ባዶ ማሳ ሲያገኝ ይበቅላል። የሚፈልገው ብርሃንና ምግብ ነው፣ ተክሉም የሚፈልገው ያንኑ ነው፣ ስለዚህ ተክሉ ቀድሞ ከወሰደው ለአልጌው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ፀረ አልጌ እየተባለ የሚሸጠው ጠብታ ይህን አይቀይርም። ለጊዜው ይገድለዋል፣ የሞተው አልጌ እዚያው በስብሶ ለሚቀጥለው አልጌ ምግብ ይሆናል። ገንዘባችሁን ለተክል አውጡት።

ከዚህ በታች ያለው በ60 ሊትር ገንዳና በአዲስ አበባ አየር የታሰበ ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ የሚለየውን መሃል ላይ አነሳዋለሁ።

ገንዳውና ቦታው

ትንሽ ገንዳ ይቀላል የሚለው ወሬ ውሸት ነው። አሥር ሊትር ውሃ ውስጥ የተረሳ ቁንጣሪ ምግብ ውሃውን ያበላሸዋል፤ ሙቀቱም በአንድ ሌሊት ይወርዳል። 60 ሊትር ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል። (ሦስቱን በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1000 ስታካፍሉ ሊትሩን ታገኛላችሁ።) መስታወት ቤት ልታሠሩ ከሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት በቂ ነው። ሲሊኮኑ ግን ሻጋታ መከላከያ የሌለው ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው መድኃኒት የገባበት ስለሆነ ዓሣ ይገድላል። ከተሠራ በኋላ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ቀን ሻወር ቤት ውስጥ ተዉት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያ ያፍስስ።

ገንዳው ውሃ፣ አፈርና ድንጋይ ሲይዝ ከ80 ኪሎ ያልፋል። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አይችለውም። የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በውሃ ልክ ለኩ፣ ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ። ፎሙ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ይውጣታል፤ አለበለዚያ መስታወቱን አንድ ቀን የምትሰነጥቀው እሷ ናት።

ከመስኮት አርቁት። የእኛ ሀገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀጥታ ነው የሚመታው፣ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ገንዳው ላይ ካረፈ ከአልጌ ጋር የምታደርጉትን ትግል ገና ሳትጀምሩት ተሸነፋችሁ ማለት ነው። የግድ ከሆነ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን በጥቁር ወረቀት ሸፍኑት። ሶኬቱ ገንዳው አጠገብ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠልና ከዚያ ወደ ሶኬቱ እንዲወጣ አድርጉ። ገመዱን ይዞ የሚወርድ ጠብታ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አፈርና ጠጠር

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከታች አፈር፣ ከላይ ጠጠር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጠጠር ብቻ አድርጎ ለሥር ተብሎ የሚሸጠውን የማዳበሪያ ኪኒን መቅበር ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አፈሩ ለዓመታት ተክሉን ይመግባል፣ ውስጡ ያለው ብስባሽ ሲበላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ለጋዝ ሲሊንደር የሚወጣው ብር ይቀራል።

አፈር ሲባል ግን ማንኛውም አፈር አይደለም። ዋልካ አይሆንም። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ጭቃ ይሆናል፣ ተክል በነቀላችሁ ቁጥር ገንዳው ለቀናት ይደፈርሳል። ፍግ ወይም ማዳበሪያ የተቀላቀለበት የአበባ አፈርም አይሆንም፤ ከእሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓሣውን ይፈጃል። የሚሻለው ፍግ ያልነካው፣ ያረጀና የተብላላ የቅጠል አፈር ነው። እሱ ላይ አንድ እፍኝ ቀይ አፈር ጨምሩበት። ቀይነቱ ከብረት የመጣ ነው፣ ተክሉም ብረት ይወዳል። በወንፊት ነፍታችሁ ሥሩንና እንጨቱን አውጡ። ባልዲ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁበት የሚንሳፈፈውን ድፉት፣ ሁለት ሦስቴ ድገሙት።

ከታች ሁለት ሴንቲ ተኩል አፈር፣ ከላይ ሦስት ሴንቲ ጠጠር ይበቃል። አፈሩን ከዚያ በላይ ብታወፍሩት አየር አጥቶ ይገማል። ከፊት ለፊት ባለው መስታወት በኩል አፈሩን ሁለት ጣት ያህል አርቃችሁ በጠጠር ብቻ ሙሉት፤ ጥቁሩ መስመር አይታይም፣ መብራት አግኝቶም አልጌ አያበቅልም። ጠጠሩ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ይሁን። የግንባታ አሸዋም ያገለግላል፣ ግን ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ መታጠብ አለበት፤ ብዙ ባልዲ ውሃ ይፈጃል፣ ከአሁኑ ተዘጋጁ።

ድንጋይ ስትመርጡ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተፍለቀለቀ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃውን ቀስ በቀስ ያከብደዋል (ማዕድኑን ያበዛዋል)፣ ተዉት። እብነ በረድም እንደዚያው። ተራው ጥቁር ድንጋይ ምንም አይለውም። ግንባታ ቦታ የሚደፋው ሬድ አሽ ደግሞ ለእኛ ሥራ ወርቅ ነው፦ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ጠቃሚው ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፣ ተክልም ይታሰርበታል። አቧራው ብዙ ነው፤ ቀቅላችሁ እጠቡት።

ሳሙናም ሆነ ኦሞ ከእነዚህ ዕቃዎች ምኑንም አይንካ። ባልዲውም ለብቻው ይሁን።

ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ አየር

በጣም ርካሹ ማጣሪያ ለዚህ ገንዳ ከሁሉ የተሻለው ነው፦ በኤር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ። ጥቂት ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። ፓምፑን ከውሃው ወለል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወይም ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ግጠሙ። መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑን፣ ከዚያ ምንጣፉን ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ገንዳው አየር የሚፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች በዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ ይቻላል ሲሏችሁ ይህን አስቡ። እኛ ቁጥሩን መቀነስ አለብን፣ የውሃው ገጽም ሁሌ እየተንቀሳቀሰ መሆን አለበት።

ሙቀቱን በተመለከተ ምርጫው የእናንተ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቤት ውስጥ 16 ዲግሪ መውረዱ ብርቅ አይደለም። ጉፒ ወይም ፕላቲ ካማራችሁ 75 ዋት ማሞቂያ ግዙና 23 ወይም 24 ላይ አድርጉት። ማሞቂያ የማያስፈልገው መንገድ ግን አለ፦ ብርድ የሚችሉ ዓሦች መምረጥ። ዘብራ ዳንዮና ዋይት ክላውድ ሚኖ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ደህና ይኖራሉ። ብዙ ለማያለፋ ገንዳ እኔ የምለው ይሄንን ነው። የሚቃጠል ማሞቂያ የለም፣ መብራት ሲጠፋ የሚወርድ ሙቀት የለም፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ አልጌውም ቀስ ይላል። ድሬዳዋና አዳማ ላላችሁ የማሞቂያው ነገር ቀርቶ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ውሃው ከ28 ሲያልፍ ኦክሲጅኑ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ክዳኑን ከፈት አድርጉና የአየር ፓምፑን ሌሊትም አታጥፉ።

መብራቱ

አልጌ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ነጭ ኤልኢዲ፣ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል፣ በቂ ነው። ልዩ የተክል መብራት አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ስንት ሰዓት ይበራል የሚለው ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በቀን ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ቢበዛ ስምንት። እናንተ ቤት የምትኖሩበትን ጊዜ ምረጡ። ለምሳሌ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብታደርጉት ከሥራ ስትመለሱ ይበራል፣ ልትተኙ ስትሉ ይጠፋል። በእጅ ማብራትና ማጥፋት አይሠራም፣ አንድ ቀን ትረሱታላችሁ። ታይመር ግዙ። ዲጂታሉ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 15፡00 እና 21፡00 ብላችሁ ሙሉት።

ጥርስ ያለው የሚሽከረከር ታይመር ከሆነ አንድ ጠባይ አለው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። አራት ሰዓት ከጠፋ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሦስት አራቴ ከተደጋገመ ገንዳው ሌሊት በርቶ ቀን ይጠፋል። ብዙ ሰው አልጌው ከየት እንደመጣ የሚጠፋበት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን ሲበራ ከርሞ ቀን ደግሞ የሳሎኑ ብርሃን ይጨመርበታል። መብራት በመጣ ቁጥር ታይመሩን አዙራችሁ አስተካክሉ፣ ወይም ባትሪ ያለውን ዲጂታል ግዙ።

ተክሉ

ቀስ ብለው የሚያድጉና ቶሎ የሚያድጉ ተክሎች አሉ። ለመጀመሪያው ጊዜ የሚያስፈልጉት ቶሎ የሚያድጉት ናቸው፣ ምግቡን ከአልጌ የሚሻሙት እነሱ ስለሆኑ። ሆርንዎርት፣ ኤሎዲያ፣ ሃይግሮፊላ፣ ቫሊስኔሪያ ከዚህ ወገን ናቸው። ሆርንዎርት ሥር እንኳን የለውም፤ ወርውራችሁት ብቻ ያድጋል። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮሪን ቀስ ያሉ ናቸው፣ በትንሽ መብራት ይኖራሉ፣ ለረጅም ጊዜ ውበቱ የእነሱ ነው። ከላይ ስታዩት የጠጠሩ ሁለት ሦስተኛ በተክል የተሸፈነ መሆን አለበት፣ በመጀመሪያው ቀን። አምስት ዘለላ ተክሎ ይበዛል ብሎ መጠበቅ አልጌን መጋበዝ ነው።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ጠጠሩን ውሃ እስኪያረጥበው ብቻ ሙሉት፣ ገንዳው ባዶ ሳለ ትከሉ። የእያንዳንዱን ተክል ሥር ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቁረጡት። ሥሩን በወረንጦ ጫፍ ይዛችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ጠጠሩ ውስጥ አስገቡ፣ ወረንጦውን ከፈት አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ከዚያ ተክሉን ለአመል ያህል ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፤ ቅጠልና ሥር የሚገናኙበት አንገቱ ከጠጠሩ በላይ መታየት አለበት። ከተቀበረ ይበሰብሳል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ጨርሶ አይተከሉም። ወፍራም አግዳሚ ግንዳቸውን በጥቁር ክር ሬድ አሽ ላይ እሰሩት ወይም በሱፐር ግሉ ለጥፉት፤ ሙጫው ሲደርቅ ዓሣ አይጎዳም። በየደቂቃው ቅጠሉ ላይ ውሃ እየረጫችሁ ሥሩ፣ ቶሎ ይጠወልጋልና።

ውሃ ስትሞሉ ጠጠሩ ላይ ሳህን አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ ፌስታል፣ እዚያ ላይ በጆግ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከቸኮላችሁ አፈሩ ተነስቶ ሥራችሁን ሁሉ ያበላሸዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ይተናል። ጀሪካን ውስጥ ክዳኑን ዘግቶ ማሳደር አይቆጠርም። ክሎራሚን (ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደ ክሎሪን) ከሆነ ግን በማሳደር አይወጣም፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል፤ ጠብታውን ቤት ውስጥ ማኖሩ ለማንኛውም ጥሩ ነው።

ከሐይቅ ነቅዬ ባመጣስ የሚል ሁሌ አለ። ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ ጣና ውስጥ እንደሚበቅሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጣና፣ ሐዋሳና ዝዋይ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ያሉባቸው ውሃዎች ናቸው። በባዶ እጅና እግር ውሃው ውስጥ መግባቱ ራሱ ያጋልጣል፣ ከተክሉ ጋር የምትመጣ ቀንድ አውጣ ደግሞ ቤታችሁ ገብታ በሽታውን መልቀቅ ትችላለች። እጃችሁን በየሳምንቱ የምትከቱበት ገንዳ ነው። ዓሣ ከሚሸጡ ሰዎች ግዙ፣ ወይም ገንዳ ካለው ወዳጃችሁ ሲከረክም የሚጥለውን ለምኑ፤ በነፃ ነው የሚሰጡት፣ ተክሉ ስለሚበዛባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

ዓሣ የለም። አዎ፣ ለስድስት ሳምንት ተክል ብቻ ማየት አለባችሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ናይትሬቱን ተክሉ ይበላዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ለማፋጠን ከፈለጋችሁ ጤነኛ ገንዳ ካለው ሰው የቆሸሸ ስፖንጅ ተቀብላችሁ የእናንተ ገንዳ ውስጥ ጨምቁት። ያስጠላል፣ ግን እንደሱ የሚሠራ የለም።

በዚህ ጊዜ አፈሩ ራሱ አሞኒያ ስለሚለቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ሩቡን። ክሪፕቶኮሪን ቅጠሉ ቀልጦ ከረገፈ አትደንግጡ፣ አትንቀሉትም፤ ሥሩ ደህና ነው፣ እንደገና ያወጣል። የሞተውን ቅጠል ግን በየቀኑ ልቀሙ። ጠጠሩን ሰንጥቆ አረፋ የሚወጣ ከሆነ በቀጭን ዘንግ አፈሩን እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አድርጉት።

ዓሣውን ስታስገቡ

ለ60 ሊትር ስምንት ዘብራ ዳንዮ ወይም ስምንት ዋይት ክላውድ ይበቃል፣ በሁለት ዙር የሚገባ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሳምንት ልዩነት ያለው። ጉፒ ከሆነ ስድስት ወንድ ብቻ ውሰዱ። አንዲት ሴት ብትገባ ከሱቅ አርግዛ ነው የምትመጣው፣ ወንድ ሳያገኛት እንኳ ለወራት መውለድ ትችላለች፣ ከዚያ የገንዳውን ቁጥር የምትወስነው እሷ ናት።

ወርቃማ ዓሣ ይቅር። ተክሉን ይበላዋል፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ቆሻሻው ብዙ ነው። መስታወት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮም እንዲሁ፤ ሱቅ ውስጥ ጣት ያህል ነው፣ ሲያድግ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ከሚያጸዳው ይልቅ የሚያቆሽሸው ይበልጣል። ከተገዛ ተክል ጋር የምትመጣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ግን ትኑር። የተረፈ ምግብና የሞተ ቅጠል ትበላለች። ቁጥሯ ድንገት ከፈነዳ ምግብ እያበዛችሁ እንደሆነ እየነገረቻችሁ ነው።

ምግቡ ደግሞ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ። የዳንዮ ሆድ ከዓይኗ አይበልጥም፣ በዚያ መጠን አስቡት። በሳምንት አንድ ቀን ይጹሙ። ረቡዕንም ዓርብንም ብታስጾሟቸው አይከፋቸውም።

አልጌው ሲመጣ

ይመጣል። ምንም ያህል ብትጠነቀቁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትንሽ ይታያል። ዓይነቱን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ቡናማ አቧራ መስሎ መስታወቱንና ቅጠሉን የሚለብሰው ዲያቶም ይባላል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ያለ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይነሳል። በጣት ሲነካ ይጠረጋል። ጥረጉትና ተዉት፣ በወር በሁለት ወር ውስጥ ራሱ ይጠፋል። በእሱ ተደናግጦ መድኃኒት መጨመር ነው ስህተቱ።

መስታወት ላይ የሚለጠፉት ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣቦች በስፖንጅ አይለቁም። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ውሰዱ፣ በጠርዙ ከታች ወደ ላይ ፋቁት። ጠጠር ካርዱ ሥር እንዳይገባ ግን ታችኛውን ሁለት ሴንቲ ተዉት፤ አንዲት አሸዋ መስታወቱን ለዘላለም ትጭረዋለች። በየጊዜው ከተመለሰ መብራቱን በአንድ ሰዓት ቀንሱ።

ፀጉር የሚመስለው ረጅሙ አረንጓዴ የጥርስ ብሩሽ ይፈልጋል። ብሩሹን መሃሉ ላይ አስገብታችሁ እንደ ፓስታ ጠቅልሉት፣ ተስቦ ይወጣል። የሚነሳው መብራት ሲበዛና ተክሉ ከማደግ ሲቆም ነው፣ ስለዚህ ሁለት ነገር አብራችሁ አድርጉ፦ መብራቱን ወደ ስድስት ሰዓት መልሱ፣ ቶሎ የሚያድግ ተክል ጨምሩ። ሆርንዎርት አንድ እፍኝ ገጹ ላይ ማንሳፈፍ ጥላም ይሆናል፣ ምግቡንም ይሻማል። ፖቶስ የሚባለውን የሳሎን ሐረግ ቁረጡና ቅጠሉን ከውጭ አስቀርታችሁ ሥር ማውጫውን ውሃው ውስጥ ብትነክሩትም ናይትሬቱን በደንብ ይመጠዋል።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ዓሣው ካልታያችሁ ውሃ መቀየር ብቻውን አይፈታውም፤ በሚቀጥለው ቀን እንደነበረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ የሚያርፍበት ገንዳ ነው የሚይዘው። መብራቱን አጥፉ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ፣ አየር ፓምፑ ግን ይሥራ፣ ምግብ አትስጡ። በአራተኛው ቀን ገልጣችሁ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። መሃል ላይ እያነሱ ማየት የለም።

የሚያዳልጥ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚገፈፍና የሚከረፋው አልጌ እንኳን አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው፣ ሲያኖባክቴሪያ። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይጀምራል። በቀጭን ጎማ እየሳባችሁ አውጡት፣ ሦስት ቀን አጨልሙ፣ ከዚያ የስፖንጁን አቅጣጫ ወደዚያ ጥግ አዙሩት።

ከሁሉ አስቸጋሪው ጥቁር ጺም የሚመስለው ነው። ድንጋይና የአኑቢያስ ቅጠል ጠርዝ ላይ በጉጥጉጥ ይበቅላል፣ ቢጎትቱት አይለቅም። በጣም የያዘውን ቅጠል ቁረጡና ጣሉ። ድንጋዩን ወይም አኑቢያሱን ከገንዳው አውጥታችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በብሩሽ ቀቡት፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና መልሱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሮዝ ይቀየራል፣ ያኔ ሞቷል። ሞስ የሚባለውን ተክልና ቫሊስኔሪያን ግን በዚህ አትንኩ፣ አይችሉትም።

አንድ የማይሆን ምክር ሲዞር እሰማለሁ፦ ተክሉ እንዲያድግ ዩሪያ ወይም ዳፕ ቁንጥር ማድረግ። ለማሳ ነው እንጂ ለገንዳ አይደለም። ሁለቱም አሞኒያ ይሆናሉ፣ ዓሣው በማግስቱ ይሞታል። አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ከነጡ የጎደለው ብረት ሊሆን ይችላል፤ ለአኳሪየም የተሠራውን ፈሳሽ ማዳበሪያ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን በሳምንት አንዴ ስጡ። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው አዲሶቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡም ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ያው ማዳበሪያ ይረዳዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ

በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ በጎማ ሳቡ፣ ያደረውን ውሃ መልሱ። ማሞቂያ ካላችሁ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ከውሃ ውጭ ከጋለ ይሰነጠቃል። የተነነውን ብቻ መሙላት ውሃ መቀየር አይደለም፤ ውሃው ይተናል እንጂ ጨዉና ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ስፖንጁን በወር አንዴ፣ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨምቃችሁ እጠቡት። ቧንቧ ሥር ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል፣ ገንዳውም ወደ መጀመሪያው ሳምንት ይመለሳል።

ሲበዛ ከርክሙ። የከረከማችሁትን ለሰው ስጡ ወይም አድርቃችሁ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቅበሩት። ወንዝም ሆነ ቦይ ውስጥ አትጣሉት። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል፣ እሱም ከሌላ አህጉር የመጣ የውሃ ተክል ነው።

መብራት ሲጠፋ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ምንም አታድርጉ፣ ምግብ ብቻ አትስጡ። ከዚያ ካለፈ በየሰዓቱ ጆግ ሙሉ ውሃ ቀድታችሁ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ፣ ኦክሲጅኑ በዚያ ይገባል። ሌሊት ላይ ተክሉም ኦክሲጅን እንደሚበላ አትርሱ። ብዙ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ግዙ፤ የስልካችሁ ፓወር ባንክ ሌሊቱን ሙሉ ያሠራዋል።

ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ደግሞ ለሳምንት ያህል ከሆነ ማንንም አታስቸግሩ። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ሳይበላ ይቆያል፣ በዚያ ላይ ቅጠሉ ላይ የሚለቃቅመው አያጣም። ታይመሩን በቀን ወደ አምስት ሰዓት ብርሃን ዝቅ አድርጉና ሂዱ። ረዘም ካለ ለጎረቤት የምግቡን ቆርቆሮ በሙሉ አትስጡ፣ ራባቸው ብለው ያፈሱባቸዋል። በየሁለት ቀኑ የሚሆነውን ቁንጥር በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበትና ቆርቆሮውን ደብቁት።